ከእንቁጣጣሽ በፊት ብሎኑን ፈትሹ፦ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማኅበራት ኮሚቴዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የጋራ መኖሪያ ቤት ባለቤቶች ማኅበራት ኮሚቴዎች
እንዲሁም፦ በየሰፈሩ የኤሌክትሪክ ጥገና ለምትሠሩ ባለሙያዎች
ጉዳዩ፦ በጳጉሜን ቀናት የብሬከር ሳጥኖች፣ የሶኬቶችና የምጣድ መስመሮች ማያያዣ ብሎኖች እንዲፈተሹ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ በአንድ ብሎክ ውስጥ ምን እንደሚመስል ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ምጣዱም፣ ስቶቩም፣ ቦይለሩም በአንድ ሰዓት ይበራሉ። ሽቦው በዓመት ውስጥ ከሚሸከማቸው ትልልቅ ጭነቶች አንዱን የሚሸከመው በዚያች ቀን ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ክረምቱ አልፎበታል፤ ደረጃ ሥር ያለው የቆጣሪ ሳጥን እርጥበት ሲጠጣ ነው የከረመው። የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ጳጉሜን ሳትወጣ የብቃት ማረጋገጫ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ በየቤቱ ገብቶ የብሬከር ሳጥኑን ይክፈት፤ ሽቦ የገባበትን እያንዳንዱን ብሎን ይፈትሽ፤ ያየውንም ጽፎ ይፈርምበት።

«ብሬከር እያለን ምን ያስፈራናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ችግሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ብሬከር የሚያውቀው በውስጡ የሚያልፈውን የአምፔር መጠን ብቻ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3600 ዋት ቢሆን በ220 ቮልት 16.4 አምፔር ያህል ይስባል። በመስመሩ ላይ አንድ ብሎን ላልቶ የ0.1 ኦም መቋቋም ቢፈጠር፣ አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ በ0.1 ሲባዛ 27 ዋት ሙቀት ይሆናል። 27 ዋት ለክፍል ማሞቂያ ምንም አይደለም፤ ራዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት ብየዳ ብረት ግን 30 ዋት ገደማ ነው። ያ ሁሉ ሙቀት የስንዴ ፍሬ በምታህል የመዳብ ጫፍ ላይ፣ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ ምጣዱ እስኪጠፋ ድረስ ይነድዳል። ብሬከሩ የሚያየው ያንኑ 16 አምፔር ነው፤ ለሱ ሁሉም ሰላም ነው። ሰውን ከኤሌክትሪክ አደጋ ለመጠበቅ የሚገጠመው አርሲዲም አያየውም። በፌዝ (በመሄጃው ሽቦ) የሄደው በኒውትራል (በመመለሻው) እስከተመለሰ ድረስ የሚያጠፋበት ምክንያት የለውምና።

ብሎን የሚላላው ማንም ሳይነካው ነው። ምጣድ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይበራል፤ በበራ ቁጥር መዳቡ ይሞቅና ይለጠጣል፣ ሲጠፋ ይበርድና ይሰበሰባል። መብራት ሄዶ ሲመጣም እንዲሁ ነው። በየጊዜው በጥቂቱ እየተንሸራተተ ክፍተት ይፈጠራል፤ በክፍተቱ አየር ይገባና መዳቡ ላይ ጥቁር ዝገት ይይዛል። ያ ዝገት እንደ መዳቡ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ይጨምራል፣ የጨመረው ሙቀት ደግሞ ተጨማሪ ዝገት ያመጣል። መጨረሻው ላይ ነጥቡ እንደ ፍም የሚቀላበት ደረጃ አለ፤ የፍሙ ሙቀት ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በቤታችን ያለው የተለመደ የሽቦ ልባስ የተሠራው ለ70 ዲግሪ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ቤቱ ምልክት ይሰጣል፤ ነዋሪው ሳጥን ሳይከፍት ሊያየው የሚችለውን ምልክት በየደረጃው ማስታወቂያ ላይ ብትለጥፉት ጥሩ ነው። ሶኬት ዙሪያው ቡና ዓይነት መሆን፤ ምጣድ ሲበራ የሳሎን መብራት መንቀጥቀጥ (አንዴ ደብዘዝ ብሎ መቆሙ ሌላ ነው፣ እየተርገበገበ ከቀጠለ ነው መጥፎው)፤ ከብሬከር ሳጥን የሚወጣ ጭርጭርታ፤ የአሣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚመስል ሽታ፤ ከተነቀለ በኋላ እጅ የሚፋጅ መሰኪያ። ከእነዚህ አንዱ ያለበት ቤት ጳጉሜንን አይጠብቅ፤ መስመሩን ዛሬ ያጥፋ።

አንድ ምልክት ግን ሁልጊዜ በስህተት ስለሚተረጎም፣ ሰፋ አድርገን እንጽፈዋለን። ምጣዱ ከበራ 20 ወይም 30 ደቂቃ በኋላ ብሬከሩ ይወርዳል። ሲቀዘቅዝ ይነሣል፣ ከሦስት አራት እንጀራ በኋላ እንደገና ይወርዳል። የቤቱ ሰው «ብሬከሩ አነሰ» ይላል፤ ጥገና የሚሠራው ልጅም 20 አምፔሩን አውጥቶ 32 ይገጥማል፤ ከዚያ ወዲህ አይወርድም፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። የሆነው ግን ይህ ነው፦ በብሬከሩ ውስጥ ሲሞቅ የሚታጠፍ ባለ ሁለት ብረት ቅጠል አለ። በራሱ ብሎን ላይ ያለው ሽቦ ላልቶ ሲግል ሙቀቱ በመዳቡ በኩል ወደ ቅጠሉ ይገባና ያለ ጊዜው ያሳጥፈዋል። ብሬከሩ በአጋጣሚ ስለ ላላው ብሎን እየተናገረ ነበር። ትልቁን ብሬከር ስንገጥም ብሎኑ እንደላላ ይቀራል፤ ባለ 2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦውም መጠኑ ባልሆነ ብሬከር ሥር ይወድቃል። ባለሙያ ሆይ፣ ብሬከር ከመቀየርህ በፊት ብሎኑን ፈትተህ የሽቦውን ጫፍ እየው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ይህ ክፍል ለባለሙያው የተጻፈ ነው፤ ነዋሪው አንብቦ የሚሠራውን ይቆጣጠርበት እንጂ ካቻቢቴ አያንሣ።

መጀመሪያ መስመሩን ሙት ማድረግ ነው። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ነው፦ የቤቱን ዋና ብሬከር ማጥፋት ከሱ በታች ያለውን እንጂ ወደ ራሱ የሚገባውን አያጠፋም፤ የዋናው ብሬከር መግቢያ ብሎኖች ብሬከሩ ወርዶም ቢሆን ሕያው ናቸው። እነሱን ለማጥበቅ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለው ብሬከር መጥፋት አለበት፤ ሌላ ሰው እንዳያነሣውም ይቆለፍ ወይም ሰው ይቁምበት። ደረጃ ሥር የሚያልፍ ጎረቤት «ምነው ወረደ?» ብሎ ያነሣዋልና። ቀጥሎ መለካት፦ ከፌዝ ወደ ኒውትራል፣ ከፌዝ ወደ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ)፣ ከኒውትራል ወደ ግራውንድ። መለኪያው ባለ ሁለት ጫፍ ቴስተር ወይም መልቲሜትር ይሁን፤ አምፖል ያለው ካቻቢቴ ሙት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። መለኪያውንም መጀመሪያ ሕያው በሆነ ሶኬት ሞክሩት፣ ሙቱን ለኩ፣ ከዚያ እንደገና ሕያው ላይ ሞክሩት። በመሀል ባትሪው አልቆ ከሆነ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው።

ከዚያ ሽቦውን በእጅ ይዞ መሳብ። እያንዳንዱን ለየብቻ፣ ጠንከር አድርጎ፣ ግን ሳይነቀንቁ። ከመጣ ላልቷል፤ ከዞረም ላልቷል። አልመጣም ማለት ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ዓይን የሚያየው ሌላ ነገር አለ። በብዙ ብሬከሮች ብሎኑ ሲጠብቅ ትንሽ የብረት ቀፎ ወደ ላይ ይነሣና ሽቦውን ይነክሳል። ሽቦው በቀፎው ውስጥ መግባት ሲገባው ከኋላው ከገባ ብሎኑ እስከ መጨረሻው ይጠብቃል፣ ካቻቢቴው አልዞር ይላል፣ ሽቦው ግን በፕላስቲኩና በቀፎው መሀል ብቻ ተጨናንቆ ተቀምጧል። አዲስ በተገጠመ ሳጥን ውስጥ ሳይቀር የሚገኝ ጥፋት ነው። ሌላው ልባሱ ከብሎኑ ሥር መግባቱ ነው፦ ፕላስቲክ ተነክሶ ለጊዜው ጠብቆ ይቆያል፣ ሲሞቅ ይለሰልስና ይላላል። የተላጠው መዳብ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን (የአምራቹ ምልክት ካለ እሱ ይበልጣል)፤ ልባሱ እስከ ቀዳዳው አፍ ይድረስ፣ ወደ ውስጥም አይግባ፣ ከውጭም ባዶ መዳብ አይታይ። በቢላ ሲላጥ መዳቡ ላይ ቁስል ከቀረ በዚያው ይሰበራል፤ ቆርጦ እንደገና መላጥ ነው።

ባለ 1.5 እና ባለ 4 ሽቦ በአንድ ቀዳዳ አትክተቱ። ብሎኑ ወፍራሙን ይይዝና ቀጭኑ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በተቃራኒው አንድ ቀጭን ሽቦ ለሰፊ ቀዳዳ ብቻውን ከገባ ጫፉን አጥፎ እጥፍ አድርጎ መክተት የቆየ መፍትሔ ነው፤ አምራቹ ካልከለከለ ይሠራል።

ባለ ብዙ ክር ሽቦ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ክሮቹ በብሎኑ ጫፍ ተገፍተው ይበታተናሉ፣ ግማሹ ይያዛል፣ ግማሹ ይቀራል። ትክክለኛው ነገር ፌሩል የሚባለውን የመዳብ ቆብ አልብሶ በራሱ ፒንሳ መጨፍለቅ ነው። ጫፉን በቆርቆሮ ብየዳ ማጠንከር ግን መፍትሔ ይመስላል እንጂ አይደለም። ቆርቆሮ ለስላሳ ነው፤ በብሎን ሥር ሲጨመቅ በወራት ውስጥ እንደ ሰም ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ብሎኑም ያለ ጥፋቱ ይላላል። በብየዳ የሠራችሁት ካለ ቆርጣችሁ በፌሩል ለውጡት።

ምን ያህል ይጥበቅ? «እስከሚበቃው» የሚለው መልስ ለኛ መልስ አይደለም። የብሬከር አምራች የማጥበቂያውን ኃይል በኒውተን ሜትር በብሬከሩ ጎን ወይም በወረቀቱ ላይ ይጽፋል። በቤት ብሬከሮች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3.5 የሆነ ቁጥር ነው የምታገኙት፤ የሶኬትና የማብሪያ ማጥፊያ ብሎኖች ከዚያ በጣም ያነሰ ይፈልጋሉ። ሁለት ኒውተን ሜትር ምን ያህል ነው ለሚል፦ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ እጀታ ጫፍ ላይ 2 ኪሎ ስኳር ቢንጠለጠል የሚፈጥረው የመጠምዘዝ ኃይል ነው። እጅ ይህን መለየት አይችልም፤ ጠዋት የሚያጠብቀውና ከ30ኛው ቤት በኋላ የደከመው እጅ አንድ አይደሉም። ለዚህ የተሠራ፣ ቁጥሩ ሲሞላ «ቀጭ» የሚል ቶርክ ካቻቢቴ አለ። ለአንድ ብሎክ አንድ ይበቃል፤ ኮሚቴው ገዝቶ ቢያስቀምጠው ለዓመታት ያገለግላል።

ከመጠን ያለፈ ማጥበቅም ጥፋት ነው። ቀጭን ክር ይቆርጣል፣ የሶኬት ፕላስቲክ ይሰነጥቃል፣ የብሎን ጥርስ ይበላል፤ ጥርሱ የተበላ ብሎን ደግሞ ለዘላለም የላላ ነው። ስለዚህ ካቻቢቴው በተጻፈው ቁጥር ላይ ሳይዞር «ቀጭ» ካለ ተውት። ከዞረ ወዲያው አትጠምዝዙ፤ ፈትታችሁ ሽቦውን አውጡና እዩት። መዳቡ ከጠቆረ፣ ልባሱ ደርቆ የሚፈረፈር ከሆነ፣ ማጥበቅ ብቻ አያድነውም፦ ዝገቱ በመሀል እንዳለ ታጠብቁታላችሁ። ደማቅ መዳብና ለስላሳ ልባስ እስኪገኝ ድረስ ቆርጦ እንደገና መላጥ፣ ሽቦው ካጠረ በተገቢ ማያያዣ መቀጠል፣ የነበረበት ብሬከር ወይም ሶኬት ፊቱ ከተቃጠለ መለወጥ ነው።

ፍተሻው ብሬከር ላይ ብቻ አይቁም። የኒውትራል ባሩና የግራውንድ ባሩ (እነዚህ ሽቦዎች የሚሰበሰቡባቸው ብረቶች) ላይ ያሉት ብሎኖች ብዙ ናቸው፣ ሲገጠሙም በችኮላ ነው። የላላ ግራውንድ በጭራሽ ምልክት አይሰጥም፤ አምፖል አያንቀጠቅጥም፣ አይሸትም። የሚታወቀው የልብስ ማጠቢያው ብረት ሰው ሲይዝ ነው። ግድግዳ ውስጥ ያሉ የማገናኛ ሳጥኖችም አሉ፦ ሁለት ሽቦ በፒንሳ ተጠማዝዞ ናስትሮ ተጠቅልሎበት፣ አንዳንዴም ኖራ ተለስኖበት። ናስትሮ ኤሌክትሪክ እንዳይነካ ይሸፍናል እንጂ ሽቦን አይዝም፤ ሙጫውም በሙቀት ይፈሳል። መጠምዘዙ በብሎን ወይም በስፕሪንግ በሚነክስ ማያያዣ ይለወጥ፤ ሳጥኑም ዳግመኛ ሊከፈት በሚችልበት ቦታ ይሁን። እንዲህ ያለ ማያያዣ ለፍተሻ መድረሻ ያለው መሆን አለበት፤ ልስን የተደረገበት ሳጥን ይህን መስፈርት አያሟላም።

ምጣዱን ራሱንም ገልብጡት። 3600 ዋት የሚስበው 16.4 አምፔር ባለ 16 አምፔር ሶኬት ከሚችለው ያልፋል፤ ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት ማለፍ ብቻ ሳይሆን ሶኬቱን ያንገላታዋል። ምጣድ የራሱ መስመር (ቢያንስ ባለ 4 ሽቦ) እና መሰኪያ ሳያስፈልገው በቀጥታ የሚገናኝበት የራሱ ማጥፊያ ሊኖረው ይገባል። በኤክስቴንሽን ማብራት አይታሰብም። ከሥሩ፣ ገመዱ ከሬዚስታንሱ (ከሚግለው ሽቦ) ጋር የሚገናኝበት ቦታ በብሎንና በጠፍጣፋ ቀለበት ነው፤ እዚያ ያለው ሙቀት ተራውን የፕላስቲክ ልባስ ያቀልጣል፣ ስለዚህ የመጨረሻው ክፍል ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ወይም የመስታወት ክር ልባስ ያለው ሽቦ ይሁን። የገመዱ አንገት በማሰሪያ ይያዝ፤ ምጣዱ ለጽዳት በተነሣ ቁጥር የሚሳበው ብሎኑ እንዳይሆን።

ጥብቅነቱን ሳይከፍቱ የሚፈትኑበት መንገድም አለ፤ ሕያው መስመር ላይ ስለሚለካ ለባለሙያ ብቻ ነው። ምጣዱ በርቶ ሳለ በብሬከሩ መውጫና በምጣዱ መነሻ ያለውን ቮልት ለኩ። 10 ሜትር ርቀት ላይ ባለ 4 መዳብ ሽቦ፣ መሄጃና መመለሻውን ጨምሮ፣ በ16.4 አምፔር 1.5 ቮልት ያህል ብቻ ይቀንሳል፤ ባለ 2.5 ከሆነ 2.4 ቮልት ገደማ። በባለ 4 ሽቦ ላይ 5 ቮልት ልዩነት ካገኛችሁ 3.5ቱ ቮልት የሆነ ማያያዣ ላይ እየጠፋ ነው፤ በ16.4 ሲባዛ 57 ዋት ነው። ቦታውን እስክታገኙ አትውጡ። በርቀት ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ካላችሁ ከግማሽ ሰዓት ጭነት በኋላ ተጠቀሙበት፤ የሚያብረቀርቀውን ብሎን ሳይሆን ከጎኑ ያለውን የሽቦ ልባስ አነጣጥሩ፣ የሚያብረቀርቅ ብረት ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ይሰጣልና። ተመሳሳይ ጭነት ካለው ጎረቤቱ ከ15 ዲግሪ በላይ የሚበልጥ ማያያዣ በዕለቱ ይሠራ።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ። ብሎኩ የሚገባለት ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል ነው። ያ የጋራ ኒውትራል ከላላ ወይም ከተበጠሰ ቤቶቹ በ220 ቮልት መመገባቸው ይቀርና በ380 ቮልት ላይ ተደርድረው ይቀራሉ። ቁጥሩን እዩት፦ በአንዱ ፌዝ ላይ 3600 ዋት ምጣድ፣ በሌላው 200 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን ብቻ ቢኖር፣ ምጣዱ ላይ 20 ቮልት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ 360 ቮልት ያርፋል። አንደኛ ፎቅ «ምጣዱ አልግል አለ» ሲል ሦስተኛ ፎቅ ፍሪጁ ይጨሳል። በአንድ ብሎክ ውስጥ የአንዱ መብራት ደምቆ የሌላው ከደበዘዘ ሁሉም ዋና ብሬከሩን ያውርድ። ከዚያ በአንድ ቤት ውስጥ ብቻ ኒውትራል ሲበጠስ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ አምፖል ያለው ካቻቢቴ ግን በሶኬቱ ሁለቱም ቀዳዳ ይበራል፤ ኤሌክትሪክ ሄዷል ብሎ ኒውትራሉን የነካ ሰው ፌዝ ነው የሚይዘው።

ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ ማኅተሙን መስበር ለኮሚቴም ለባለሙያም አይፈቀድም። ማድረግ የምትችሉት ማየትና በ905 ደውሎ ማስመዝገብ ነው። ሲያዩም ከምሰሶው የሚመጣው አሉሚኒየም ከሕንፃው መዳብ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ልብ በሉ። አሉሚኒየም በሙቀት ከመዳብ ይበልጥ ይለጠጣል፣ አየር እንደነካው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያበጃል፣ ከመዳብ ጋር እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ይበላል። እነዚህ ሁለቱ የሚገናኙት ለሁለቱም በተሠራ ባይሜታል ማያያዣ ብቻ ነው። እጅ ለእጅ ተጠማዝዘው ካያችሁ፣ ወይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለባቸው፣ በሪፖርታችሁ ላይ ይህንኑ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አስፍሩ።

ከኮሚቴው የምንፈልገው ሥርዓቱን ነው። ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ነች፤ በቀን አንድ መግቢያ ቢያዝ ለብዙ ብሎኮች ትበቃለች። የማን ቤት መቼ እንደሚጠፋ ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ይለጠፍ። የኦክስጅን ማሽን የሚጠቀም ታማሚ ወይም ፍሪጅ ውስጥ ኢንሱሊን ያለው ቤት ካለ አስቀድሞ ይታወቅ። ከባለሙያው ጋር በምትዋዋሉበት ወረቀት ላይ «ጥገና» ተብሎ አይጻፍ፤ «በየቤቱ የብሬከር፣ የኒውትራልና የግራውንድ ብሎኖች በአምራቹ ቁጥር በቶርክ ካቻቢቴ መፈተሽ፣ የምጣድና የቦይለር መስመር በጭነት መለካት» ተብሎ ይጻፍ፤ ክፍያውም በፈተሸው ቤት እንጂ በለወጠው ዕቃ አይሁን። በየሳጥኑ ክዳን ውስጥ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፦ ቀን፣ የብሬከሩ አምፔር፣ የሽቦው ውፍረት፣ ብሎኑ ዞረ ወይስ አልዞረ፣ ምን ተቆረጠ፣ ምን ተለወጠ፣ የሠራው ሰው ፊርማ። በቀጣዩ ዓመት ያው ብሎን እንደገና ከዞረ ጥፋቱ የብሎኑ ሳይሆን የጭነቱ ወይም የብሬከሩ ነው፤ ያ ወረቀት ከሌለ ግን ማንም አያውቀውም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዝርጋታና ጥገና ላይ የተሠማራን ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለየብሎኩ ተጠሪዎች
ለጥበቃ ሠራተኞች (የደረጃ ሥር ብሬከር በፍተሻ ቀን እንዳይነሣ)